ዋጋውን እኔ የተናገርኩበት ጠዋት

ሰው ቤቴ መጥቶ ስፌቱን ሲያይ «ከማን ተማርሽው?» ይለኛል። ዋጋ መናገርን ከማን እንደተማርኩ ግን የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። ለእኔ ከሁለቱ የከበደኝ መናገሩ ነው። ስፌቱን በልጅነቴ በአንድ ክረምት ለመድኩት። ዋጋ መናገሩን ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶኝም አልቻልኩበትም ነበር። የቻልኩት አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ በተነሳበት ታኅሣሥ፣ መንገድ ተዘግቶ ቤታችን እንግዳ ባደረበት ቀን ማግስት ነው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ዲንቂቱ ነው። ሱሉልታ ተወልጄ ሱሉልታ ያደግኩ ነኝ። የምኖረው ከአባቴ እህት ጋር ነበር። በኦሮምኛ የአባትን እህት አዳዳ ነው የምንለው፤ እኔም በስሟ ጠርቻት አላውቅም። ሁለታችንም የምንተዳደረው በስፌት ነው። መሶብ፣ ሌማት፣ ሙዳይ እንሰፋለን። ሥራችንን የሚገዙን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የባህል ዕቃ ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ዘርፌ።

ወይዘሮ ዘርፌ በየሁለት ሦስት ወሩ ይመጣሉ። መሶቡን ያነሳሉ፣ ይገለብጣሉ፣ ወደ ብርሃን ያዞራሉ፣ ሁልጊዜም አንድ ነውር ያገኙለታል። «ይቺ ጠርዟ ጠመም ብላለች» ይላሉ። ካልጠመመች ቀለሟ ደብዝዟል። ካልደበዘዘ ደግሞ «ዘንድሮ ሰው የሚፈልገው ፕላስቲክ ነው» ይሉናል። ከዚያ ዋጋውን ይናገራሉ። እኛ «እሺ» እንላለን። ገንዘቡን ተቀብለን መርቀን እንሸኛቸዋለን። እውነቴን ነው፣ እንመርቃቸው ነበር።

ይህ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። አባቴ ከመንገዱ በታች ለጥ ያለ መስክ ነበረው። ለልማት ይፈለጋል ተባለ። ሜትር የያዙ ሰዎች መጡ፣ ለኩ፣ ጻፉ፣ ካሳውን ነገሩት። «አባባ፣ አንተስ ስንት ነው አልካቸው?» ብዬ ጠየቅኩት። «እኔ ምን እላለሁ? ያሉት እነሱ ናቸው» አለኝ። ገንዘቡ ቆርቆሮ ሆነ፣ ሕክምና ሆነ፣ የለቅሶ ሆነ፣ አለቀ። ለቅሶው የራሱ የአባቴ ነው። መስኩ ታጠረ። ለስፌት የምናጭደው አክርማ የሚበቅለው እዚያ ነበርና ከዚያ ወዲህ ሣር ፍለጋ ከኮረብታው ማዶ ሁለት ሰዓት በእግር መሄድ ግድ ሆነብን። መሶቡን የሚገዙን ሰው ግን ይህን አልቆጠሩልንም። እኛም አልነገርናቸውም።

ያን ቀን ወይዘሮ ዘርፌ የመጡት ረፋዱ ላይ ነው። ሾፌራቸው ኑረዲን ትንሿን የጭነት መኪና ደጅ አቆመና ገቡ። «አካም ጅርታ!» አሉ፤ ከኦሮምኛ የሚያውቁት ይህንኑ ሰላምታ ብቻ ነበር። ስምንት ትላልቅ መሶብ ተደርድሯል፤ አራቱ የእኔ፣ አራቱ የአዳዳ። እንደ ልማዳቸው አነሱ፣ ገለበጡ።

«እንደምታዩት ከተማው ጭንቅ ላይ ነው» አሉ። «ገበያ የለም። ከሁለት መቶ ሃምሳ በላይ አልችልም።»

ባለፈው ሁለት መቶ ሰማንያ ነበር። አዳዳ «ኧረ እትዬ፣ ሰላሳዋን እንኳ አይቀንሱብን» አለች፤ ድምጿ ልመና ነበር። ወይዘሮ ዘርፌ ቦርሳቸውን መክፈት ጀመሩ። በዚህ መሀል ከዋናው መንገድ በኩል የብዙ ሰው ጩኸት ተሰማ። ከዚያ ተኩስ። ውሻችን ሮጦ አልጋ ስር ገባ።

ኑረዲን ወጥቶ አየና በሩጫ ተመለሰ። «ድንጋይ ደርድረዋል፣ ጎማ እያቃጠሉ ነው። ወደ ላይም ወደ ታችም ማለፊያ የለም።»

መኪናዋን ከጭዱ ክምር ጀርባ አስገባናት። ወይዘሮ ዘርፌ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። በሩን ዘጋን። ጭሱ በመስኮቱ ቀዳዳ ይገባል። አዳዳ ቆሎ አቀረበች፤ እኔ ለዘጠነኛው መሶብ የጀመርኩትን ክዳን አንስቼ መስፋት ቀጠልኩ። እጄ ሥራ ሲፈታ ስለምፈራ ነው እንጂ በዚያ ሰዓት የሚሰፋ ሰው የለም።

የወይዘሮ ዘርፌ ስልክ ጮኸ። ሱቁን የምትጠብቅላቸው ልጃቸው ናት።

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ሰው ቤት ገብቻለሁ… አይዞሽ… ማን መጣ? ሠርግ አለብኝ ያለችው ሴትዮ?» ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸዋል። ቤቱ ግን አንድ ክፍል ነው። «ለአንድ ትልቅ መሶብ ሁለት ሺህ በያት። ከአንድ ሺህ ስምንት መቶ እንዳትወርጂ።»

ወስፌው እጄ ላይ ቆመ። አዳዳን አየኋት። እሷም ሰምታለች፤ ግን መሬት መሬት ታያለች፣ የሰረቀችው እሷ የሆነች ይመስል። ጆሮዬ ጋለ። አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር ዛሬም አላውቅም፤ ምክንያቱም ያኔውኑ በሩ ተንኳኳ።

የመጣው ገመቹ ነው፣ የጎረቤታችን ልጅ። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነበር፤ ትምህርቱ በረብሻው ስለተቋረጠ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ከኋላው ሰባት ስምንት ጎረምሶች ቆመዋል። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ጭስ ጭስ ይላሉ፣ ዓይናቸው ቀልቷል። ወጥቼ በሩን ከኋላዬ ገጠም አደረግኩት።

«የአዲስ አበባ መኪና እዚህ ገብታለች አሉ» አለኝ በኦሮምኛ።

«ገብታለች። የእንግዳዬ ናት።»

«እንግዳ? ነጋዴዋ አይደለችም? ስንት ነው የምትሰጥሽ?»

ልዋሽ ፈለግኩ፤ አፈርኩ። «ሁለት መቶ ሃምሳ» አልኩት።

ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። «ስሚ ዲንቂቱ። አባትሽንም ያደረጉት እንዲሁ ነው። ዛሬ ቀኑ ያንቺ ነው። እኛ እዚህ እንቆማለን። አንቺ ግቢና የፈለግሽውን ጠይቂያት። ካልሰጠች መኪናዋ ከዚህ አትወጣም።»

ስዞር ወይዘሮ ዘርፌ በሩን ከፍተው ቆመዋል። ኦሮምኛውን አልሰሙ ይሆናል፤ ነገሩን ግን ተረድተውታል። ቦርሳቸውን ከፍተው ያለውን ሁሉ አውጥተዋል። በሌላው እጃቸው የአንገታቸውን ሐብል ሊፈቱ ይታገላሉ፤ መቆለፊያው እምቢ ብሏቸዋል።

«ዲንቂቱዬ፣ ይኸው ስድስት ሺህ ብር ነው። ወርቁንም ውሰጂው። መሶቡም ይቅርብኝ። ብቻ ንገሪያቸውና ልውጣ።»

አልዋሻችሁም፤ ወርቁን አየሁት። የሚያፈሰው ጣሪያችን ታየኝ። የአዳዳ የታመመ ዓይን፣ ያላሳከምነው፣ ታየኝ። አንድ ሺህ ስምንት መቶ የሚለው ቃልም ጆሮዬ ውስጥ እንዳለ ነው። እጄን ብዘረጋ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሚወቅሰኝ አልነበረም፤ ያጨበጭቡልኝ ነበር እንጂ።

ግን ፊታቸውን አየሁት። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ሜትር የያዙት ሰዎች በመጡበት ቀን አባቴ ፊት ላይ አይቼዋለሁ። ከንፈሩ «እሺ» ይላል፣ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው።

«ወርቁን ይተዉት እትዬ» አልኳቸው። «ገንዘቡንም ይመልሱት። ይግቡ።»

ወደ ገመቹ ዞርኩ። «አባቴ ዋጋ ያልተናገረው የመሬቱን ዋጋ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። እምቢ ማለት ስለማይችል ነው። እሷም አሁን እምቢ ማለት አትችልም። እምቢ ማለት ከማይችል ሰው የተወሰደ ነገር ዋጋ አይባልም።»

«ታዲያ ምን ይባላል?»

«የተማርከው አንተ ነህ፣ ስም አውጣለት።»

ከኋላ አንዱ «ከእነሱ ጋር ነሽ ማለት ነው!» ብሎ ጮኸ። ያኔ እኔም ድምፄን ከፍ አደረግኩ። በሕይወቴ ወንዶች መሀል ስጮኽ የመጀመሪያዬ ነው። «አጥሩ ውስጥ ያለው መስክ የማን ነው? የአባቴ አይደለም? ከእኔ በላይ የተናደደ ካለ ወደፊት ይውጣና ይንገረኝ! መኪናዋን ግን መንካት የሚፈልግ መጀመሪያ እኔን ይነካል።»

ማንም ወደፊት አልወጣም። ገመቹ ለረጅም ጊዜ አየኝ። በመጨረሻ «ነገ ጠዋት ቀብር አለ» አለ በዝግታ። የዚያን ቀን ከታች ሰፈር አንድ ልጅ ሞቶ ነበር። «ቀብርተኛ ስለሚያልፍ ድንጋዩን እናነሳለን። ያኔ ትሂድ።» ጎረምሶቹን ይዞ ሄደ።

ስገባ ወይዘሮ ዘርፌ እጄን ያዙኝ። «ምን ልክፈልሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ጠዋት መንገድ ሲከፈት እንነጋገራለን» አልኳቸው። ሦስታችን በአንድ አልጋ ላይ አደርን፤ ኑረዲን መኪናው ውስጥ።

ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። የታኅሣሥ ሱሉልታ እንደዚያ ነው፤ ጣት ይቆርጣል። ፀሐይ የወጣበት ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ክዳኑን መስፋት ጀመርኩ። ወይዘሮ ዘርፌ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ለስድስት ዓመት ሲገዙን እንዲህ ተቀምጠው አይተውን አያውቁም።

«ይህን ክዳን መቼ ጀመርሽው?» አሉኝ።

«የዛሬ ስድስት ቀን።»

«ስድስት ቀን? ለክዳን ብቻ?» ትንሽ አዩና «እስቲ ስጪኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። አክርማውን ማርጠብ ረሱ፣ ተቆረጠባቸው። ሌላ ሰጠኋቸው። ወስፌው አውራ ጣታቸውን ወጋቸው። አራት ጥልፍ ሰፍተው ሲመልሱልኝ እንደ ልጅ ሳቁ። «አምሯል?»

«አላማረም እትዬ። ይፈታል» አልኳቸው፤ እፊታቸው ፈታሁት። ሳቃቸውን አቆሙ።

ኑረዲን መጥቶ መንገዱ መከፈቱን ነገረን። መኪናዋን አስነሳ። ከዚያ እንደ ልማዱ መሶቦቹን ሊጭን ሲያነሳ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። ይህን ደቂቃ ነበር የጠበቅኩት። ሞተሩ ተነስቷል፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ ማንም በራችን ላይ የለም። ወይዘሮ ዘርፌ ካልፈለጉ ጥለው መሄድ ይችላሉ።

«አንዱ መሶብ አንድ ሺህ ብር ነው» አልኩ።

ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። አዳዳ ከኋላዬ «ዋቆ!» ስትል ሰማኋት፤ አምላክን መጥራቷ ነው።

ወይዘሮ ዘርፌ መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላቸው። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «የትናንቱን ውለታሽን ልታስከፍይኝ ነው?»

«የትናንቱ የእንግዳ ነው፣ አይሸጥም። ይህ የመሶቡ ነው።»

«ስልኩን ሰምተሽ ነው!»

«ሰምቻለሁ። ባልሰማም መቁጠር እችል ነበር፤ ፈርቼ ነው ያልቆጠርኩት። አሁን ልቁጠርልዎ። መስፋቱ ብቻ ሃያ ቀን ይፈጃል። እዚህ ከታች ለግንባታ ድንጋይ የሚሸከም ሰው በቀን ሃምሳ ብር ያገኛል። እኔ ከድንጋይ ተሸካሚ አላንስም። ሃያ ቀን በሃምሳ፣ አንድ ሺህ። ሣር ፍለጋውንና ቀለሙን መርቄልዎታለሁ።»

«አንቺ የምታውቂው መስፋት ነው!» አሉ ተቆጥተው። «ሱቁ ኪራይ አለው። ግብር አለ። ዓመት ሙሉ ሳይሸጥ የሚቀመጥ መሶብ አለ። አይጥ የበላው አለ። ያን ሁሉ የምሸከመው እኔ ነኝ።»

ይህን ከዚህ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር። እውነት እንደሆነም ገባኝ። «ይገባኛል እትዬ» አልኳቸው። «ከላይ ያለው ስምንት መቶ ይድረስዎ፣ ቅር አይለኝም። ግን የሱቅዎን ኪራይ የእኔ ጣት ብቻውን አይክፈል።»

ቦርሳቸውን ዘጉ። «አልገዛም» አሉ።

«ይችላሉ» አልኳቸው።

ከፋኝ፤ በዚያው ቅጽበት ግን ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ዋጋ ተናግሬ እምቢ ስባል የመጀመሪያዬ ነበር። እምቢ ለመባልም እኮ መጀመሪያ መናገር ያስፈልጋል።

አዳዳ ግን ሮጣ ከፊቴ አለፈች። «የእኔን አራቱን ይውሰዱ እትዬ፣ ባሉት ዋጋ፣ በሁለት መቶ ሃምሳው» አለች። አልፈረድኩባትም። ወይዘሮ ዘርፌ ከፍለው ጫኑ። መኪናዋ ሄደች። የእኔ አራት መሶቦች ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ቀሩ።

«ኩራት አይበላም!» አለችኝ አዳዳ። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም።

የመጣው ጊዜ ከባድ ነበር። ቃሌን ላለማጠፍ ስል የጠቀስኩትን ሥራ ራሴ ሠራሁት፤ ለግንባታ ድንጋይ ተሸከምኩ። ሃምሳ ብሩን ስቀበል እጄ ይደማ ነበር፤ ግን በየቀኑ ሒሳቤ ልክ እንደሆነ አረጋገጥኩ። የሰፈር ሴቶች «ሺህ ብሯ መጣች» ይሉኝ ጀመር። ገመቹን ወስደው አሰሩት፣ ለወራት አላየነውም። ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። የአባቴ መስክ አጥር ግን የትም አልሄደም። መሶቦቼም እንዲሁ፣ ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍነው ተቀመጡ። አንዳንድ ቀን ከሥራ ደክሜ ስመለስ ጨርቁን ገልጬ አያቸዋለሁ። «ሁለት መቶ ሃምሳ ብል ኖሮ» ብዬ አውቃለሁ። አላልኩም ብዬ አልዋሽም።

የካቲት ሲገባ ኑረዲን ብቻውን መጣ። ከመኪናው ሳይወርድ «ወይዘሮ ዘርፌ ሁለት መሶብ ላኪልኝ ብለዋል» አለኝ።

«በስንት?»

«በተናገርሽው።» ሁለት ሺህ ብር በፖስታ ሰጠኝ።

ገንዘቡን ይዤ ደረቅኩ። «ምን ሐሳባቸውን አስለወጣቸው?»

ኑረዲን መሪውን ተደግፎ ሳቀ። «ሰሞኑን ልጃቸው በሁለት መቶ ሃምሳ የሚያስረክብ ሌላ ሰው አግኝቻለሁ ብትላቸው ምን አሏት መሰለሽ? ‹ወርቄን እምቢ ያለች ሴት ሺህ ብር ካለች፣ ሺህ ብር ስለሆነ ነው።›»

ኑረዲን ከሄደ በኋላ በሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ምን እንዳስለቀሰኝ አዳዳ አልጠየቀችኝም። ውኃ አምጥታ ሰጠችኝ፣ አጠገቤ ተቀመጠች።

ከፋሲካ በኋላ ወይዘሮ ዘርፌ ራሳቸው መጡ። የቀሩትን ሁለቱን የእኔን ወሰዱ፣ ሳይከራከሩ። ከዚያ ወደ አዳዳ መሶብ ሄዱ፤ አነሱ፣ ገለበጡ፣ «ጠርዟ ትንሽ…» ብለው ጀመሩ።

«አንድ ሺህ ነው እትዬ» አለች አዳዳ።

እጆቿን ከኋላዋ ደብቃለች። ወይዘሮ ዘርፌ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ኮረብታው ዞርኩ። የእሷ ዋጋ ነው፣ ራሷ ትቁምበት ብዬ።

«ዘጠኝ መቶ ሃምሳ» አሉ።

«አንድ ሺህ» አለች አዳዳ።

ከፈሉ። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነበር።

አሁን እኛ ሰፈር ዘጠኝ ሴቶች እንሰፋለን፤ ማንም ከማንም በታች አይሸጥም። አንዳንድ ጊዜ ገዢ ይጠፋል፣ ይከብዳል፣ አልደብቃችሁም። ገዢ በጣም በቸገረው ጊዜ፣ ለምሳሌ ሠርግ ደርሶበት በሩጫ ሲመጣ፣ እጥፍ መጠየቅ እንደምንችልም እናውቃለን። አንጠይቅም። ዋጋው ያው ነው፤ ለቸኮለውም፣ ላልቸኮለውም።

እናንተ በእጃችሁ የምትሠሩ፣ የምትሸምኑ፣ የምትጠልፉ፣ ሸክላ የምትሠሩ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ፦ ቀናችሁን ቁጠሩ። ገዢው አይቆጥርላችሁም፤ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ቀኑ ሲያልፍ ስላላየው ነው። ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ተናገሩት፤ ቢንቀጠቀጥም ተናገሩት። እናንተ የምትገዙ ደግሞ ውድ ነው ብላችሁ ብትሄዱ መብታችሁ ነው፣ አልቀየማችሁም፣ በሩ ድረስ እሸኛችኋለሁ። መሶቡን ገልብጣችሁ የሌለ ነውር አትፈልጉበት እንጂ። «ቀንሺልን» ካላችሁኝም አንድ ጥያቄ አለኝ፣ መልስ ካገኛችሁለት እቀንሳለሁ፦ ከሃያው ቀን የትኛውን አልሠራሽውም ልትሉኝ ነው?